ገንዘብ ከፍሎ መቃጠል

ለአንድ ሳምንት ከፖለቲካችን እረፍት እንውሰድና ስለሚያቃጥል ነገር እናውራ። «ፖለቲካውስ መች በረደ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው አፍ የሚያቃጥለውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ልጄ ከምትኖርበት ከተማ ልትጠይቀኝ መጣች። እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ አምስት ዓመቷን የያዘች፣ አማርኛ አሳምራ የምትሰማ፣ ስትናገር ግን ግሱ የሚያመልጣት ልጅ ናት። ቦርሳዋን ሳታወርድ «አባዬ፣ ስጦታ አመጣሁልህ» ብላ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ የምታክል ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በላዩ ላይ የራስ ቅል ተሥሎበታል። እኔ የአይጥ መርዝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሆት ሶስ ነው፤ ካሮላይና ሪፐር ከሚባል ቃሪያ የተሠራ። ዋጋውን ስጠይቃት ሃያ ሁለት ዶላር አለችኝ። በዚህ ገንዘብ አንድ ሰሐን ክትፎ ከነአይቡ ይበላበታል!

«ይህን ነው የምታስፈራሪኝ? እኔ እኮ በሚጥሚጣ ያደግኩ ሰው ነኝ» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በዚህ ጉዳይ የእኛ ሰው ኩራቱ ልክ የለውም። የፈረንጅ ምግብ አልጫ ነው፣ የእኛ ልጅ ግን በርበሬ እየጠጣ ያደገ ነው፣ እንላለን። በስደት ስንቱን ኩራታችንን መንገድ ላይ ስንጥል ይህችን ግን አልጣልናትም። ልጄ «በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ነው የሚቀመሰው» ብላ ብታስጠነቅቀኝም እኔ የሻይ ማንኪያ አንስቼ እስከ ግማሹ ሞላሁና ዋጥኩት።

መጀመሪያ የፍራፍሬ ጣዕም መጣ። «ይኸው ነው?» ልል አፌን ስከፍት ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ምላሴን ለቀቀና ወደ ላንቃዬ፣ ከላንቃዬ ወደ ጆሮዬ ወጣ። ጆሮ በበርበሬ ሲቃጠል ያን ቀን ገና አወቅኩ። ስቅታ ያዘኝ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ግንባሬ ላይ ላቡ ችፍ አለ። ውኃ ብጠጣ ባሰብኝ። ልጄ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ስልኳን አነሳች፤ ልትቀርጸኝ ይሁን አምቡላንስ ልትጠራልኝ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። በመጨረሻ አንድ ብርጭቆ ወተት አምጥታ አጠጣችኝ።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ቃጠሎው እንደ መጣ ሄደ። ሰውነቴ ቀለለኝ። ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የወጣ ሰው ሻንጣውን ሲያወርድ የሚሰማው ዓይነት ነገር ተሰማኝ። እናም ያንን ሁሉ ካየሁ በኋላ፣ ዕድሜዬ ከስልሳ ያለፈ ሰው፣ እጄ ተመልሶ ወደ ጠርሙሱ ሲሄድ ያዝኩት። ለምን?

ይህ ጥያቄ አላስተኛ ስላለኝ ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1912 ዊልበር ስኮቪል የሚባል የመድኃኒት ባለሙያ ዲትሮይት ውስጥ በፓርክ ዴቪስ ኩባንያ ሲሠራ የቃሪያን ኃይል መለኪያ ፈለሰፈ። የቃሪያውን ጭማቂ በስኳር ውኃ እያቀጠነ አምስት ሰዎችን ያስቀምሳል፤ ማቃጠሉ ጨርሶ እስኪጠፋቸው ድረስ ስንት ጊዜ እንደ ቀጠነ ይቆጥራል። ዛሬ በመሣሪያ ይለካል እንጂ ስሙ አሁንም ስኮቪል ነው። በዚህ መለኪያ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ከ1868 ጀምሮ የሚሠራው፣ በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የምናየው ታባስኮ ከ2,500 እስከ 5,000 ነው። ሃባኔሮ የሚባለው ከ100,000 እስከ 350,000 ይደርሳል። እኔን የጣለኝ ካሮላይና ሪፐር በአማካይ 1,641,183 ነው። እሱም ቢሆን ዙፋኑን ለቋል፤ ያው ሰውዬ፣ የደቡብ ካሮላይናው ኤድ ከሪ፣ በ2023 ፔፐር ኤክስ የሚል ሌላ ቃሪያ አምጥቶ 2,693,000 አስመዝግቧል። ፍሬውን ሙሉውን በልቶ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲቃጠል መቆየቱን፣ ከዚያም የሆድ ቁርጠት እንደ ተከተለ ራሱ ተናግሯል።

እናቴ ስኮቪልን አታውቀውም። ሚጥሚጣ ስታስወቅጥ አጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ስታስነጥስ «እንግዲህ ደርሷል» ትል ነበር። ሁለቴ ካስነጠሰች ለእንግዳ፣ አንዴ ከሆነ ለቤት።

በነገራችን ላይ ይህ የምንኮራበት በርበሬ ራሱ ስደተኛ ነው። ከ1492 በፊት ከአሜሪካ ምድር ውጭ በርበሬም ቃሪያም ያየ ሰው አልነበረም። ቅድመ አያቶቻችን ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል እንጂ ይህን አያውቁም። ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ከእኛ ጋር ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ አገሬው ሆኖ ቀረ። እኛ በሻንጣ ጠቅልለን አሜሪካ ስናስገባው፣ ጉምሩክ ላይ የሚያስነጥሰው ፖሊስ አያውቅም እንጂ፣ ሰውዬው ወደ አገሩ መመለሱ ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ቃጠሎው እውነተኛ ቃጠሎ አይደለም ይላሉ ሊቃውንቱ። አፋችን ውስጥ እሳት የሚነካን ጊዜ «ተቃጠልክ!» ብለው የሚጮኹ የነርቭ በሮች አሉ፤ ሙቀቱ 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይከፈታሉ። ካፕሳይሲን የሚባለው የቃሪያ ንጥረ ነገር በሩን ያለ እሳት ይከፍተዋል። ይህን በ1997 ያገኘው የሳን ፍራንሲስኮው ዴቪድ ጁሊየስ ነው፤ በ2021 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። (ሽልማቱን የተጋራው አርደም ፓታፑቲያን ከቤይሩት የመጣ አርመናዊ ስደተኛ ነው፤ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ።) ውኃ የማያበርደውም ካፕሳይሲን በውኃ ስለማይሟሟ ነው። ወፎች ደግሞ ጨርሶ አይሰማቸውም፤ በልተው ፍሬውን በየአገሩ የሚዘሩት እነሱ ናቸው። እንግዲህ ተክሉ ለወፍ በሩን ከፍቶ እኛን ጥርስ ያለንን ሊያባርር የሠራውን መሣሪያ ነው እኛ በሃያ ሁለት ዶላር የምንገዛው!

ለምን እንደምንወደው ብዙ የደከሙት የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሮዚን ናቸው። ሜክሲኮ ገጠር ወርደው ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ ቃሪያ በሚበላበት መንደር፣ የዚያን ቤት ትራፊ እየበሉ ያደጉት ውሾችና አሳማዎች ግን ምርጫ ሲሰጣቸው የማያቃጥለውን እንደሚመርጡ አዩ። ቃጠሎን የሚወድ ሰው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የሚወደውም ሊሸከመው ከማይችለው ልክ በጥቂቱ ዝቅ ያለውን ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ሰውነት «ሞትኩ» እያለ ሲጮኽ አእምሮ «ምንም አልሆንክም» ብሎ ያውቃል፤ ደስታው እዚያ ላይ ነው፤ የሚያስፈራ ፊልም እንደ ማየት፣ በሮለር ኮስተር ቁልቁል እንደ መውረድ ያለ ነው ይላሉ።

ፕሮፌሰሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አልከራከራቸውም። ነገር ግን ይህ ገለጻ ሮለር ኮስተር ለሚናፍቀው ሰው የተሰፋ ልብስ ነው፤ ለእኛ ሰፋን። በሌሊት ከመተማ ወደ ገዳሪፍ ያቋረጠ ሰው የውሸት አደጋ ምን ያደርግለታል? እኔ ስቅስቅ እያልኩ ወተት ስጠጣ የተሰማኝ የአደጋ ደስታ አይደለም። የተሰማኝ ሌላ ነው። ይህን ስቃይ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘብኝም። ደግሞም ያልቃል። በሃያ ደቂቃ ያልቃል! የጥገኝነት ማመልከቻ አስገብቶ በየቀኑ የፖስታ ሣጥን የከፈተ ሰው፣ «በሚቀጥለው ዓመት አገሬ እገባለሁ» እያለ ሠላሳ ዓመት የቆጠረ ሰው፣ ማብቂያው የታወቀ ስቃይ ምን ያህል ውድ ዕቃ እንደሆነ ያውቃል። ይህን ሳስብ ሃያ ሁለት ዶላሩም ብዙ አልመሰለኝም።

ግን ልብ አድርጉ፤ ልጆች ያሉን ሰዎች ነን። የዛሬ ልጆች ይህን ነገር ውድድር አድርገውታል። ልጄም የለመደችው ሆት ዋንስ ከሚባለው፣ ከ2015 ጀምሮ ዝነኛ ሰዎች እየመጡ ክንፍ በሶስ እየበሉ ከሚያለቅሱበት ፕሮግራም ነው። በ2023 ማሳቹሴትስ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ በዚህ ቃሪያ የተቀባ አንዲት ቺፕስ በልቶ ሞቷል፤ መርማሪዎቹ የልብ ችግር እንደነበረበትና ብዙ ካፕሳይሲን መውሰዱም እንዳለበት ገልጸዋል። አእምሮ «ምንም አልሆንክም» የሚለው ሁልጊዜ እውነቱን አይደለም።

ከሆት ሶስ ሠሪዎች ሁሉ እኔ የምወደው ሀብታሙን ዴቪድ ትራንን ነው፤ ያንን አረንጓዴ ክዳን ያለውን፣ ዶሮ የተሣለበትን ሲራቻ የሚሠራውን። ቬትናም የተወለደ ቻይናዊ ነው። በ1978 ሁዌይ ፎንግ በምትባል የጭነት መርከብ ከሦስት ሺህ ከሚበልጡ ስደተኞች ጋር ታጭቆ ወጣ። በ1980 ሎስ አንጀለስ ሲገባ እንደ አገሩ የሚያቃጥል ነገር አጣ፤ ራሱ ሠርቶ በሰማያዊ ሼቭሮሌ ቫን ለእስያውያን ምግብ ቤቶች እየዞረ መሸጥ ጀመረ። የኩባንያውን ስም ምን ቢለው ጥሩ ነው? ሁይ ፎንግ፤ በመርከቧ ስም! ዶሮውም የተወለደበት ዓመት ምልክት ነው። ስንቶቻችን ነን ያወጣችንን መኪና ወይም ግመል ስም በምግብ ቤታችን በር ላይ የጻፍነው? የእኛ ሁሉ «ላሊበላ» እና «አክሱም» ነው።

ይህ ሰው በ2013 ተከሰሰ። የኢርዊንዴል ከተማ «የፋብሪካህ ሽታ የነዋሪዎቻችንን ዓይን አቃጠለ» አለችው፤ በ2014 ክሱን አነሳች። ይህን ሳነብ ሳቅኩ። በአፓርታማ ውስጥ በርበሬ ያመሰ አበሻ ሁሉ ይህን ክስ ያውቀዋል። የእኛ ቤት ባለቤቴ ድልህ ልታዘጋጅ በርበሬ ስታምስ የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ፣ አራት ፎቅ ሙሉ ሰው በሌሊት ልብሱ ወርዶ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭምብል አድርገው ገብተው፣ አንዱ እያሳለ «እመቤቴ፣ ይህ ምንድን ነው?» ቢላት «ምሳ» ብላዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

1986 ነው። ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ቤዝመንት አምስት ወንዶች እንኖር ነበር፤ ሁላችንም በሱዳን በኩል የመጣን። ሦስታችን ፓርኪንግ፣ ሁለቱ ሆቴል ሰሐን አጣቢ። አዳምስ ሞርጋን የአበሻ ምግብ ቤቶች ነበሩ፤ ኪሳችን ግን በሩ ላይ ያስቆመን ነበር። ሚጥሚጣ ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ ይመጣል፤ ካልመጣ ስፓጌቲ ላይ ታባስኮ እያፈሰስን እንበላለን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠንን፣ የወጥ ቤት ተራ የሚያወጣውን ሰው «ሊቀ መንበር» እንለው ነበር። ዝምተኛ ነው። ሲናገር ስለ እናቱ ነው። አንድ ልጇ ነው።

አንድ ቀን ለእኔ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ወር መንገድ ላይ ቆይቷል። የሊቀ መንበር እናት አርፈዋል፤ «ቀስ ብላችሁ፣ ሰው ሰብስባችሁ መርዶውን ንገሩት» ይላል። ሦስቱን ጠርቼ ኩሽና ውስጥ በሹክሹክታ መከርን። መርዶ ንጋት ላይ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ሰውየውም ሥራ በማይገባበት ቀን ነው። እሑድ ይሁን አልን። ያን ቀን ዓርብ ነበርና የነገ ወዲያው እሑድ ሁለቱ የሥራ ተረኞች ስለሆኑ የሚቀጥለውን ያዝን። ዘጠኝ ቀን መደበቅ አለብን ማለት ነው።

በነጋታው ማታ ሊቀ መንበር ከጆርጂያ አቬኑ፣ ከአንድ ጃማይካዊ ሱቅ፣ በወረቀት ከረጢት ቃሪያ ገዝቶ መጣ። ትንንሽ፣ ቢጫ፣ ቆብ የመሰለ፤ ስኮች ቦኔት ይሉታል። «ዛሬ ወንድ ይለያል» አለ። በዳቦ እየገመጥን ውኃ ሳንጠጣ ማን ይቆያል የሚል ጨዋታ ነው። እሱ አሸነፈ። ዕንባው በጉንጩ እየወረደ ይስቃል፣ እንደገና ይገምጣል። እኛም ዕንባችን ይወርዳል። እኔ ደብዳቤው በጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱን እያየሁ ከቃሪያው የበለጠ ያቃጠለኝ እሱ ነበር፤ ግን ማን ይጠይቃል? ሁሉም ያለቅሳል፣ ሁሉም «እፍ፣ እፍ» ይላል። እሑድም ገዛ። ሰኞም ገዛ። በሳምንቱ ውስጥ ያልገዛበት ማታ የለም። ዓርብ ዕለት ከመካከላችን አንዱ ጨጓራው ተነሥቶበት «ተው እንጂ፣ ልትገድለን ነው?» ቢለው «እኔ ብቻዬን እበላለሁ፣ እናንተ እያያችሁ ሳቁ» አለው።

እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት ቡና የያዙ እናት ጨምረን በሩን ቀስ ብለን ከፈትን። አልጋው ተነጥፏል። ያችኑ አንድ ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አለን። «አውቃለሁ።»

ከሮማ አንድ ዘመዱ በሥራ ቦታው ስልክ ደውሎ ከነገረው አሥር ቀን ሆኖታል። እኛ ደብዳቤው ሳይደርሰን እሱ ሰምቷል። ሽማግሌው ተቆጡ፤ «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው ብቻህን የያዝከው? ወንድሞችህ አጠገብህ እያሉ?» አሉት። እሱም ወለሉን እያየ፣ «ለቅሶ ብቀመጥ እነዚህም ሦስት ቀን ከሥራ ይቀራሉ። የቤት ኪራዩ ደግሞ አልሞላም። ዓርብ ደመወዝ እስኪገባ ብዬ ነው» አለ። ዓርብ ደመወዝ ገብቷል። ኪራዩ ሞልቷል። ያን ጊዜ ነው ድምፁን አውጥቶ «እናቴ!» ያለው። በኋላ፣ ማታ ላይ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ፊቱን በጋቢው ጠርጎ «ያንን ጃማይካዊ እግዚአብሔር ይስጠው» አለኝ።

ይህን ታሪክ ለልጄ ያን ማታ ነገርኳት። ባለቤቴ እንኳ ከእኔ አንድ ሁለቴ ብቻ ነው የሰማችው። ልጄ አገጯን በእጇ ደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አባዬ፣ መርዶ ምንድን ነው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ለእሷ ያስፈታሁበት ቀን የለም። ሞትን ለምን እንደምንደብቅ፣ ለምን ንጋት እንደምንጠብቅ፣ ለምን ሰው ሰብስበን እንደምንሄድ አስረዳኋት። «ለምን ወዲያው ቴክስት አያደርጉትም?» አለች መጀመሪያ። ቆይታ ደግሞ «አይ፣ ገባኝ። ብቻውን እንዳይሆን ነው» አለች። ግሱን አላሳተችም።

ከዚያ የጥርስ መጎርጎሪያ አንሥታ ጠርሙሱ ውስጥ ነከረችና ምላሷ ላይ አደረገች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ዕንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች፣ «የአያቴንስ? ላንተ ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ነገርኳት። እሱን ግን ለዚህ ገጽ አልጽፈውም። ወተቱን ጨረስነው፤ ጠርሙሱም አሁን ከወገቡ በታች ወርዷል።